ኢፍጣር በስብሰባ መሃል



ከኮሮና በኋላ ቢሮውን ጨርሶ ለዘጋ የውጭ ድርጅት አዲስ አበባ ሆነን የምንሠራ ሦስት ነን። "ከየትም ሆናችሁ ሥሩ" ነው ደንቡ። አልሐምዱሊላህ፣ አግኝተንበታል፤ ድሮ የዙህር ወቅት መንገድ ላይ እንዳያልፍብን ስንሳቀቅ የነበርን ሰዎች ዛሬ በሰፈራችን መስጂድ በጀመዓ እንሰግዳለን። (ቤት እየዋልን ደመወዝ እንደሚከፈለን ጎረቤት እስካሁን አያምንም።)

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። የዕለቱ ስብሰባ የሚጀመረው ኒውዮርክ ላይ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን ነው። በበጋቸው እኛ ዘንድ 11 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ደህና ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ግን 12 ሰዓት ይሆንና ከመግሪብ ጋር ይጋጫል። የእኛ ሰዓት አልተነካ፣ ፀሐይዋም በቦታዋ!

በ2018ቱ ረመዷን ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ አለፈ። 12 ሰዓት ከ40 ገደማ አዛን ሲል ካሜራ ዘግተን በተምር እናፈጥራለን፤ ስማችን ሲጠራ ተምሩን ሳንውጥ እንመልሳለን። ሳሎን ውስጥ ልጆች ሳምቡሳው ዙሪያ ተቀምጠው በሹክሹክታ ቢስሚላህ ይላሉ። እኛን ያስከፋን ይሄ ሹክሹክታ ነው። በገዛ ቤታቸው!

ስብሰባው በአንድ ሰዓት ይቅደም ብለን ጻፍን። ካሊፎርኒያ ላሉት ንጋት 12 ሰዓት ይሆንባቸዋል ተባለ፤ እውነት ነው፣ እነሱም ሰው ናቸው። በመጨረሻ ስብሰባው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲሆን፣ የቀረው በጽሑፍ እንዲያልቅ ተስማማን። የመረጡልን ቀናት ሰኞና ሐሙስ ናቸው። ከመካከላችን የሱና ጾም የማያልፈው ወንድም መልእክቱን አንብቦ ዝም ብሎ ሳቀ።