አቬይሮ፦ ማዕበል የዘጋት፣ ድካም የከፈታት ከተማ

በዚህ ወር ከፖርቶ በስተደቡብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ወደምትገኘው የፖርቱጋል ከተማ ወደ አቬይሮ ይዘናችሁ እንጓዛለን።

አቬይሮን ያበለጸጋት ውሃ ነው፤ ያደኸያትም ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1575 የተነሳ ማዕበል ከባሕሩ የሚያገናኛትን መግቢያ በአሸዋ ደፈነው። ንግዱ ተዳከመ፤ የታቆረው ውሃ በሽታ አመጣ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ። በሰው ድካም አዲስ መግቢያ የተከፈተላት በ1808 ነው።

ዛሬ ከተማይቱን በሚያቋርጡት ቦዮች ላይ «ሞሊሴይሮ» የሚባሉትን፣ ጫፋቸው ሽቅብ የቀና ባለ ሥዕል ጀልባዎች እናያለን። ቀድሞ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን የውሃ ሣር ይሰበሰብባቸው ነበር፤ አሁን ጎብኚ ያንሸራሽራሉ። ከከተማው ዳር ፀሐይ የባሕሩን ውሃ አድርቃ ጨው የምታስቀርባቸው መደቦች አሉ። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለወጣ ደግሞ የኮስታ ኖቫ ባለ መስመር ቀለም ቤቶችና 62 ሜትር የሚረዝመው የባራ የመርከብ መብራት ማማ ይጠብቁታል።

የድሮው ባቡር ጣቢያ ግድግዳ በሰማያዊና በነጭ የሸክላ ንጣፍ ሥዕል አጊጧል። ፖርቱጋሎች ንጣፉን «አዙሌዡ» ይሉታል፤ ቃሉ «አዝ-ዙለይጅ» ከሚለው ዐረብኛ የተወሰደ ነው። ሙስሊሞች በዚያ ምድር ለዘመናት መኖራቸውን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል።

ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብም ከእንቁላል አስኳልና ከስኳር የሚዘጋጀው የከተማይቱ ጣፋጭ «ኦቩሽ ሞልሽ» አለ። መልካም ጉዞ!