ልጓም ፍሬን አይደለም!

የከተማ ልጅ ፈረስን የሚያውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። ቢበዛ እንጦጦ ወጥቶ ኮርቻ ላይ ፎቶ ይነሳል፤ አለቀ! የፈረስን ክብር ማየት የሚፈልግ ግን ጥር 23 እንጅባራ ይገኝ።

እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የአዊ ከተማ ናት። ደጋ ስለሆነች ጃኬት አትርሱ፤ የመንገዱንም ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በየዓመቱ በዚያ ቀን የአገው ፈረሰኞች በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱ አባቶቻቸውንና ፈረሶቻቸውን ይዘክራሉ። ጉግሱ፣ ግልቢያው፣ ያሸበረቀው ግላስ... ዓይን አይጠግብም!

እኛ ግን አንድ ነገር እንምከራችሁ። ከጌጡ ቀጥሎ የፈረሱን አፍ እዩ።

ፈረስ በፊት ጥርሱና በመንጋጋ ጥርሱ መካከል ጥርስ የሌለው ባዶ ቦታ አለው። የልጓም ብረት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቦታው ስስ ሥጋ የሸፈነው አጥንት ነው፤ በኃይል ስትስቡት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

የድሮው የአገራችን ልጓም ደግሞ ጠንከር ይላል። አፍ ውስጥ ከሚገባው ብረት ጋር የተያያዘ ቀለበት የታችኛውን መንጋጋ ያቅፋል። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ወደ ላንቃ ይነሳል፣ ቀለበቱም አገጭን ይጨምቃል። ለምን እንዲህ ተሠራ? ጦረኛው አንድ እጁ ጦር ስለሚይዝ፣ በቀረው እጁ ፈረሱን ባለበት ማዞር ነበረበት። ጎበዝ ፈረሰኛ ግን በጣቱ ነካ ያደርጋል እንጂ አይጎትትም። የልጓሙ ክፋትም ደግነትም ከጋላቢው እጅ ነው።

እንግዲህ ለመቀመጥ ካማራችሁ፦

ከመውጣታችሁ በፊት የከንፈሩን ጥግ እዩ። ቁስል ወይም የደረቀ ደም ካለ ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ ታሟል፤ ዛሬ ይረፍ›› በሉና ተዉት። ገንዘብ ከፍላችኋል ተብሎ እንስሳ አይሰቃይም።

ዛቡን ላላ አድርጋችሁ ያዙ። ለማቆም ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ እንደቆመ ወዲያው ልቀቁለት። መታዘዙን የሚያውቀው ስትለቁለት ነው።

ከደነገጣችሁ ዛቡ ላይ አትንጠልጠሉ። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አፉን ያመመው ፈረስ አንገቱን ይወረውራል፣ አንዳንዱም በኋላ እግሩ ይቆማል። ጋማውን ያዙ፣ በጉልበታችሁ ጠበቅ በሉ።

ክፉ ተናጋሪን ‹‹አንደበቱ ልጓም የለውም›› እያልን እናማለን። ፈረስ ደግሞ ልጓም አለው፣ አንደበት የለውም። ‹‹አመመኝ›› ብሎ አይነግራችሁምና እናንተው እወቁለት።

መልካም ግልቢያ!