በቦኬ ግቢ ያገኘናቸው የማዳጋስካር ቢራቢሮዎች

ቦኬን ማየት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከጭሮ፣ ከድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል፤ ግራና ቀኙ ማሽላ፣ ጫትና ቡና ነው። እኔም በመስከረም መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ የባለቤቴን ታላቅ እህት ልጠይቅ ሄድኩ።

ልጅቷ ከእጇ የማትለየው ሥዕላዊ መጽሐፍ አላት፤ ስለ ሞቃታማ ደሴቶች ቢራቢሮዎች ነው። በኒው ጊኒ የምትገኘው ትልቋ ቢራቢሮ ክንፏን ስትዘረጋ ከ25 ሴንቲ ሜትር ታልፋለች። «እማማ፣ ይህቺ ቦኬ አለች?» ትለኛለች። የለችም። ግን ማዳጋስካር በሚለው ገጽ ላይ ከተሣሉት ሦስቱን እትዬ ግቢና አጥሯ ሥር አገኘናቸው።

የመጀመሪያዋን ጦቢያው ላይ አየናት። ጦቢያውን የምሥራቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ነው። (ወተቱ ዓይን ይጎዳልና ልጆች ከነኩት እጃቸውን ወዲያው ይታጠቡ።) ቢራቢሮዋ ብርቱካናማ ናት፤ ሊቃውንት «ዳናውስ ክሪሲፐስ» ይሏታል፤ ሊኔየስ በ1758 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሰየማት ናት። ትሏ መርዛማ ወተት ያላቸውን ተክሎች ስለሚበላ ቢራቢሮዋ ራሷ ትመራለች፤ አንዴ የቀመሰ ወፍ ሁለተኛ አይመኛትም።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጅቷ «ሌላም መጣች!» አለች። ሁለተኛዋም ብርቱካናማ ነች፤ ነገር ግን ሌላ ዘር ናት፣ «ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ»። ምሬት የላትም፤ የመራራዋን ልብስ ለብሳ ወፉን ታታልላለች። ባሏ ደግሞ ምኑም አይመስላት፤ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክብ ነጠብጣብ አለው። ብዙ ሥዕል ላይ የመራራዋ የፊት ክንፍ ጫፍ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ይህ ጫፍ የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ አስመሳይዋም እንደዚያው ትለዋወጣለች። ስለዚህ ጫፉን ትታችሁ የኋላ ክንፏን ተመልከቱ። በመሐሉ ሦስት ወይም አራት ትናንሽ ጥቁር ነጥብ ካለ መራራዋ ናት፤ በላይኛው ጠርዝ በኩል አንድ ብቻ ካለ አስመሳይዋ ናት። ሦስትና አንድን መቁጠር ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ጨዋታ ነው።

ሦስተኛዋ ግን ጠብ አስነሣች። እትዬ ጓሮ አንድ ያረጀ የሎሚ ዛፍና ልጇ ያፈላቸው የሎሚ ችግኞች አሉ። ችግኞቹ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ተለጥፎ ነበር፤ ልጅቷ በእንጨት ነካ ስታደርገው ተንቀሳቀሰ። አደግ ያሉት ደግሞ አረንጓዴ ናቸው፤ ሲነኩ ከራሳቸው ኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ቀንድ ያወጡና ኃይለኛ ሽታ ይለቃሉ። ይህ ሲያድግ ጥቁርና ቢጫ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ የሚያምረው «ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ» ይሆናል። የእትዬ ልጅ ግን ውበቱን ሊሰማ አልፈለገም። ከጫት የተረፈ ኬሚካል በመርጫው ሞልቶ መጣ።

በእርግጥ እውነት አለው። ትሉ ትልቅ ዛፍ ብዙም አይጎዳም፤ ችግኝን ግን ቅጠል አልባ ያደርጋል፤ ችግኝ ደግሞ ለእርሱ ገንዘብ ነው። ግን ከችግኞቹ ሥር ዶሮዎች ይጭራሉ፣ ጎረቤት ልጆች ሎሚ ይለቅማሉ፣ የጫት ኬሚካል ደግሞ ለሎሚ ተብሎ የተሠራ አይደለም። እትዬ ወጥታ «እጅ የለህም እንዴ? ልቀማቸው!» አለችው። እየተነጫነጨ እርሱ፣ እየሳቀች ልጅቷ፣ በቅጠል እየያዙ ለቀሙ። አሥራ አንድ ሆኑ። ስምንቱን አሮጌው ዛፍ ላይ አደረጓቸው፤ ሦስቱን እትዬ በሻሽ በተሸፈነ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጠች፤ በየቀኑ ትኩስ የሎሚ ቅጠል ልትሰጣቸው።

በኦሮምኛ ቢራቢሮ «ቢላቻ» ነው። ልጅቷ በመጽሐፏ ማዳጋስካር ገጽ ላይ፣ ከሦስቱም ሥዕሎች አጠገብ፣ ቢላቻ ብላ በእርሳስ ጽፋለች።

ባለፈው እሑድ እትዬ ደወለች። ሁለቱ ትሎች ከእንጨት ጋር ራሳቸውን በክር አስረው ሙሽሬ ሆነዋል፤ ሦስተኛው ገና ይበላል። መርጫው አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ልጇም ችግኞቹን በየጠዋቱ እየገለበጠ ያያቸዋል።