ጉርድ ፎቶግራፍ

መካነ ሰላም ላይ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ፊት እቀበላለሁ። ሒሳብ የሚከፍት ሁሉ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል፤ እኔም ከጀርባው የባለቤቱን ስምና የሒሳብ ቁጥር እጽፍበታለሁ። አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ሦስት ፎቶግራፍ ሰጡኝ። የሚያስፈልገው ሁለት ነበር፤ ሦስተኛውንም አብሬ ፋይል ውስጥ ስከት፣ «ልጄ፣ ትርፏን መልስልኝ እንጂ፤ መልኬ አይደለችም?» አሉኝ። አፍሬ መለስኩላቸው።

ያን ምሽት የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ ትዝ አለኝ። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ከእኛ ቦረና በስተሰሜን ምሥራቅ ባለችው መቅደላ፣ አባቱ አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው አለፉ። የእንግሊዝ ጦር ሕፃኑን ይዞት ሲሄድ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱበት። በዚያው ዓመት ክረምት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በእንግሊዝ አገር ዋይት በምትባል ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እውቅ ፎቶግራፍ አንሺ ከካሜራዋ ፊት አስቀመጠችው።

ተማሪ ሳለሁ በዚያ ምስል ላይ ግጥም ጽፌ ነበር። ዓይኖቹን «የሀገር እንባ» ብዬ፣ ተጨብጭቦልኛል። ኋላ የታሪክ ተመራማሪውን የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትን ሥራ ሳነብ ግን ጭብጨባው ጎረበጠኝ። እርሳቸው ከዴኒስ ዤራር ጋር የጥንቱን የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ አሰባስበዋል። የመቅደላን ዘረፋም መዝግበዋል፤ ምርኮውን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸክመውት፣ በደላንታ ሜዳ ለጨረታ ቀርቧል። መዝግበውም ዝም አላሉም፤ ቅርሱ እንዲመለስ የሚሟገተውን አፍሮሜት የተባለ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ማን አነሳው? የት? ሕፃኑስ እምቢ ማለት ይችል ነበርን? እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቅሁም። ባዕዳን የድል ማስታወሻ ያደረጉትን ፊት እኔ የጭብጨባ መግዣ አደረግሁት።

ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተመለሰው ዘለላ ፀጉሩ ነው።

ግጥሙን ቀደድኩት። በፎቶግራፉ ቅጂ ጀርባ ግን ስሙን፣ የተነሳበትን ቦታና ዓመት፣ ያነሳችውንም ሴት ስም ጻፍኩ። ባለቤቱ መጥቶ ሲጠይቅ እንዲገኝለት፣ እኛ ዘንድ መልክ የሚቀመጠው እንዲህ ነው።