ሰርገኛ ሳይመጣ

«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ለእንጀራው ሌላ ሥራ የሚሠራውን ሙዚቀኛ ደህና አድርጎ ይገልጸዋል። ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ኪቦርድ ሲጫወት ያመሻል፤ እሑድ አሌክሳንድሪያ መልስ ያጅባል፤ ሰኞ ንጋት ላይ መኪናውን አስነስቶ ሥራ ይገባል። አንድ ቀን የሙዚቃ ጉባኤ ላይ እንዲጫወት ሲጠራ ወኪል የለው፣ አሳታሚ የለው፤ ቲኬት የሚቆርጠውም፣ ደብዳቤ የሚጽፈውም፣ ከአለቃው ፈቃድ የሚለምነውም ራሱ ነው።

ጉባኤ ይባል እንጂ ነገሩ ገበያ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1994 በርሊን ላይ በተጀመረው ዎሜክስ ከመድረኩ ፊት የሚቆሙት የፌስቲቫል አዘጋጆች፣ አሳታሚዎችና የሬዲዮ ሰዎች ናቸው። ሙዚቀኛው እዚያ የሚሄደው ለዕለቱ ክፍያ ሳይሆን ለከርሞ ጥሪ ነው። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ፣ የቀሩት የሥራ ቀናትና ያመለጠው ሰርግ ሲደመሩ ሒሳቡ ኪሳራ ይወጣል። የቤት ኪራዩን አብራው የምትከፍል ባለቤቱ «እና ምን ይዘህ ልትመለስ ነው?» ብትለው አፉን ሞልቶ የሚመልሰው የለውም።

ወረቀቱም ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ ለአብዛኛው የአውሮፓ አገር የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ጥገኝነት የተፈቀደለት ደግሞ ከአሜሪካ ከመውጣቱ በፊት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ማውጣት አለበት። ሁለቱም ጊዜ ይበላሉ። ከዚያ የዘፈኑ ባለቤትነት ይከተላል፤ በምሽት ቤት የሰው ዘፈን መጫወት የተለመደ ነው፣ ቀርጾ ለገበያ ማቅረብ ግን የግጥሙንና የዜማውን ባለቤቶች ፈቃድ ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ምን ልጫወት?» የሚለው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ትዝታው ወደ ጉራጊኛ፣ ጉራጊኛው ወደ ጎንደር እስክስታ እየተሻገረ ይነጋጋል። ዘፋኙ ቃል ቢጠፋው ታዳሚው ይሞላለታል። በዎሜክስ መድረክ የሚሰጠው 45 ደቂቃ ነው፤ ቃሉንም የሚያውቅለት የለም። ያንን ዝምታ ለመልመድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሌክሳንድሪያ ያለው የበርችሜር አዳራሽ ታዳሚው በጸጥታ እንዲያዳምጥ በመጠየቅ የታወቀ ነው። እዚያ አንድ ምሽት ቲኬት ገዝቶ የተቀመጠ ሙዚቀኛ፣ ዘፈን ያለ እስክስታና ያለ ሽልማት በራሱ እግር እንዴት እንደሚቆም ያያል። ከዚያ ከሃያ ዘፈን ውስጥ ሰባቱን መምረጥ ይችላል።

በዚሁ አካባቢ ዝግጅት ምን ማለት እንደሆነ ኃይሉ መርጊያን ያህል ያሳየ የለም። አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዋሊያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ መጣ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እሱ እዚሁ ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከዘመኑ ኪቦርዶች ጋር ደራርቦ ለብቻው አንድ ካሴት ቀረጸ። በኋላ ለብዙ ዓመታት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው አይለየውም ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመዳል። ያንን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተሰኘው ማሳተሚያው እንደገና አወጣው። የመድረክ ጥሪ ተከተለ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለው አዲስ አልበሙ ወጣ።

ሰዎች ይህን ታሪክ እንደ ተአምር ያወሩታል። ካሴቱ መገኘቱ በእርግጥ ዕድል ነው። ዕድሉ ሲመጣ ጣቶቹ አለመተሳሰራቸው ግን የዕድል ሥራ አይደለም፤ በርበሬው ሰርገኛ ሳይታሰብ በፊት ተቀንጥሶ ነበር።

ሆኖም ከ1985 እስከ 2013 ያለው 28 ዓመት ማንም ሙዚቀኛ ሊጠብቀው የሚገባ ጊዜ አይደለም። የጉባኤው ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ሙዚቀኛው አንድ መንገደኛ ሥራውን በአጋጣሚ እስኪያገኘው ከመጠበቅ ይልቅ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የባለቤቱ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በቁጣም ሆነ በሕልም ወሬ መታለፍ የለበትም። ከአንድ ጉዞ ኮንትራት ይዞ መመለስ ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ቤቱ ሳይናጋ ስንት ጉዞ መሸከም ይችላል? አንድ ነው ወይስ ሦስት? ይህንን ሁለቱ ቁጭ ብለው፣ ቲኬቱ ሳይቆረጥ መነጋገር አለባቸው።