ሳይነክስ በፊት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ልጄ ላካፍላችሁ። 6 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፤ ንግግሩ ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት ቆዳው እስኪቆስል እጁን ይነክስ ነበር። ሥራ ስይዝ ወይም እንግዳ ሲመጣ ይጀምራል። ያኔ ሁሉን ጥዬ እሮጣለሁ፤ አቅፈዋለሁ፣ እጁን እስመዋለሁ፣ እጸልይለታለሁ። ዝም ብሎ በዋለ ቀን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ "ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ ሰላም ነው" ብዬ ወደ ጓዳዬ ነበር የምገባው።

አንዲት ባለሙያ ቤታችን መጥታ ሁለት ቀን ስታየን ዋለች። "እህቴ፣ ወደ እሱ የምትመጪው ሲነክስ ነው" አለችኝ። አለቀስኩ። ምክሯ ቀላል ነበር፦ እስኪነክስ አትጠብቂ፤ በየደቂቃው ሂጂና እቀፊው፣ አጫውቺው፤ ጨዋ ሆኖ ስላገኘሽው አይደለም፣ እንዲሁ። ሲነክስ ደግሞ እጁን ከጉዳት ጠብቂ እንጂ ብዙ አትበይ። አማቴ ሲሰሙ "ምንም ላላደረገ ልጅ? ታበላሺዋለሽ!" አሉ። በልቤ እኔም እንደ እሳቸው ነበርኩ።

የስልኬ ማንቂያ በየደቂቃው ሲጮህ ጎረቤት ሳይቀር ሰለቸው። በሳምንቱ ግን መንከሱ በግልጽ ቀነሰ። ለባለሙያዎቹ አዲስ ነገር አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቲሞቲ ቮልመርና ባልደረቦቹ፣ ሰው እንዲያያቸው ራሳቸውን ይጎዱ ለነበሩ 3 ሴቶች በየተወሰነ ጊዜ ትኩረት በነፃ ሰጧቸው፤ ራሳቸውን መጉዳታቸው ቀነሰ። የጠገበ ሰው ለምን ይጮኻል? ደግሞም እናት በራሷ ጊዜ የምትመጣ ከሆነ መንከስ ምንም አያመጣም።

በዚያ ሰሞን ሮሜ 5፥8ን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ለዓመታት ጌታ ዘወር ብሎ የሚያየኝ ስጎዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ ጾሜ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከልጄ ጥርስ የሚለይ አልነበረም።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ባለሙያዋ ሲፈልገኝ ልብሴን ጎትቶ "እማ" እንዲል እያስተማረችው ነበር። ሳምንታት አለፉ፣ አንድም ቀን አላለም። አይነክስም፣ አይጠራኝምም። ምን ጎድሎት ይጠራኛል? በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናትም እንዲሁ አይቷል፦ ስጦታው በብዛት በነፃ ሲመጣ መጥፎው ጠባይ ቶሎ ይወርዳል፤ በአግባቡ መጠየቅ የሚጨምረው ግን የነፃው ስጦታ እየራቀ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ማንቂያውን ወደ 2 ደቂቃ፣ ወደ 5፣ ቀስ እያልን ወደ 10 አራቅነው። ሲጠራኝ ግን ወዲያው መምጣት ነበረብኝ።

ማቴዎስ 6፥8 ሁልጊዜ ይከብደኝ ነበር። አባታችን ሳንለምነው የሚያስፈልገንን ካወቀ፣ ጌታ ወዲያው ቀጥሎ ጸሎት ያስተማረን ለምንድን ነው? እግዚአብሔርን ከስልክ ማንቂያ ጋር ማወዳደር አልፈልግም፤ ፍቅሩንም በደቂቃ አይመጥንም። ነገር ግን ልጄ በእኔ መምጣት ጠግቦ እኔን ሳይጠራኝ በዋለባቸው በእነዚያ ሳምንታት ድምፁ ምን ያህል እንደናፈቀኝ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቡና እየቆላሁ ነጠላዬ ከኋላ ተጎተተ። "እማ።"

ቡናው አረረ። አማቴ ምንም ሳይሉ ሦስቱንም ጠጡት።