ከሲኞራዋ እጅ

ቦሎኛ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ለመንከባከብ ስቀጠር «የጣሊያን ምግብ» ሲባል ፓስታና ላዛኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሲኞራዋ ግን «ልጄ፣ የጣሊያን ምግብ የሚባል የለም፤ ያለው የየአገሩ ምግብ ነው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው፤ ወጥ ቤቶቿ ግን እስከ ዛሬ አንድ አልሆኑም። በሰሜን በፖ ወንዝ ሜዳ ሩዝ፣ ቅቤና ፖሌንታ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ይበላል። በደቡብ የወይራ ዘይት፣ ቲማቲምና ደረቅ ፓስታ ይበዛል። ቦሎኛ ደግሞ በእንቁላል የታሸ ፓስታ አገር ናት፤ የሥጋ ስጎዋንም በታልያቴሌ እንጂ በስፓጌቲ አታቀርብም።

ሲኞራዋ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ምግብ አስጠልቷቸው፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን ወንበር አስጠግተው «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ እሺ» አሉኝ። ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል። ሊጡን በረጅም መዳመጫ ስዘረጋ «ገና ነው፣ ገና ነው» ይሉኛል። የዚያን ቀን ሳህናቸውን ጨረሱ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ልጆቻቸው መምጣት ጀመሩ።

ቡናውን ያስተማረኝ ደግሞ ከቤታችን ሥር ያለው የቡና ቤት አፍዪ ነው። 7 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና፣ 90 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ውኃ፣ 9 ባር ግፊት፣ 25 ሰከንድ ገደማ። ቶሎ ከወረደ ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል፤ ከዘገየ ይመርራል። አየሩ ሲለወጥ ወፍጮውን ያስተካክላል፤ የመጀመሪያውንም ስኒ ራሱ ቀምሶ ካልወደደው ይደፋዋል። ቡና በተገኘበት አገር የተወለድኩት እኔ፣ የእናቴን ጥንቃቄ ያየሁት በእሱ እጅ ላይ ነበር፤ እሷም ቡናውን የምትቆላው ከምጣዱ ዓይኗን ሳትነቅል ነው።

ከሲኞራዋ ልጆች አንዳቸውም ሊጡን መዘርጋት አይችሉም ነበር። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለእናቴ ደውዬ የዶሮ ወጧን አሠራር እንድትነግረኝ ብጠይቃት «በስልክ አይሆንም፤ መጥተሽ ከጎኔ ሆነሽ ሥሪው» አለችኝ። በፈቃዴ ሄጄ ሦስት ሳምንት ከጎኗ ቆምኩ፤ ሽንኩርቱ እስኪበስል መታገሥንም ተማርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ያሉ እናት ምን ያውቃሉ? መጠኑ በመጽሐፍ ይገኝ ይሆናል፤ «ገና ነው» የሚለው ድምፅ ግን የሚገኘው እሳቸው ሳሉ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከጎናቸው ቁሙ።